ተውኔቴ ስብከት ሆነብኝ ላልሽው፦ ስለ አቶል ፉጋርድ

ጥያቄ፦ የቴአትር ጥበባት ተማሪ ነኝ። ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ ሴቶች ባለ ሦስት ገቢር ተውኔት ጽፌ ለክፍል ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ሐሳቡን ወደዱት፤ ግን «ስብከት በዛበት» አሉኝ። መምህሬ የደቡብ አፍሪካውን አቶል ፉጋርድን አንብቢ ብሎኛል። ሰውየው ማነው? ነጭ ሆኖ ስለ ጥቁሮች መከራ መጻፉስ እንዴት ታየ? ከየትኛው ሥራው ልጀምር?

ምላሽ፦ እህቴ፣ መምህርሽ ጥሩ ሰው ጠቁሞሻል። «ስብከት በዛበት» መባል እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ተውኔትሽን ስላላየሁት ልፈርድበት አልችልም። በዚህ ርዕስ የሚጻፈው አብዛኛው ተውኔት ግን አንድ ዓይነት ነው። ደላላው ክፉ፣ ልጅቷ ምስኪን፣ አባትየው ድሃ። መጋረጃው ሊዘጋ ሲል አንድ ሽማግሌ ወጥተው ይመክራሉ። ተመልካቹ ይህን ቴአትር ትኬት ሳይቆርጥ በፊት ያውቀዋል።

ፉጋርድ ስለ አንድ ደብተር፣ ስለ አንድ ካፖርት፣ ስለ አንድ ሻይ ቤት ጻፈ። አፓርታይድ የሚባለው ትልቅ ነገር ተከትሎ ራሱ ገባ። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ቀሪው ይህ እንዴት እንደሆነ ማሳየት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፉጋርድ በ1932 ካሩ በሚባለው ደረቅ ምድር፣ ሚድልበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፖርት ኤሊዛቤት ሄደ። ከዚያ በኋላ ከጻፋቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ከዚያች የወደብና የፋብሪካ ከተማ አይወጡም። አባቱ አካል ጉዳተኛ የሆነ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው አፍሪካነር (የደች ዘር ያላት ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት) የሆነችው እናቱ ናት፤ በመጀመሪያ እንግዳ ማረፊያ፣ ኋላም በአንድ መናፈሻ ውስጥ ሻይ ቤት ታስተዳድር ነበር። ያቺን ሻይ ቤት ያዢልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ጀመረ። በ1953 የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ ጥሎ ወጣና የሰው መኪና እየለመነ አፍሪካን ወደ ሰሜን አቋረጠ። ፖርት ሱዳን ሲደርስ በአንድ የጭነት መርከብ ተቀጠረ። አብረውት የሚሠሩት መርከበኞች ነጮች አልነበሩም። ያደገበት የዘር ንቀት የለቀቀው እዚያ እንደሆነ እሱ ራሱ ተናግሯል።

ጸሐፊ ያደረገው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከመርከቡ ይልቅ በ1958 ጆሃንስበርግ ውስጥ የተቀጠረበት ሥራ ነው። ፎርድስበርግ በሚባል ሰፈር፣ የጥቁሮች ጉዳይ ኮሚሽነር ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ገባ። የዚያ ፍርድ ቤት ዋና እንጀራ የይለፍ ደብተር ክስ ነበር።

ይህን ደብተር ካላወቅሽ ተውኔቶቹ አይገቡሽም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ ይህን ደብተር ሁልጊዜ ይዞ የመዞር ግዴታ ነበረበት። ፎቶ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የአሠሪ ፊርማ፣ የት ከተማ መኖር እንደሚችል የሚገልጽ ማኅተም ይይዛል። ልዩ ፈቃድ የሌለው ሰው በከተማ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም። ደብተሩን ቤት ረስቶ ወደ ሱቅ ብቅ ያለ ሰው ሊታሰር ይችላል። በ1960 ሻርፕቪል ውስጥ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰው የገደለው ይህን ደብተር በተቃወሙ ሰዎች ላይ ነው። ሕጉ የተሻረው በ1986 ነው።

እና ይህ ወጣት በዚያ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሰው በየደቂቃው ወደ እስር ሲላክ ያያል። ዳኛው አይጮህም። ዱላ የያዘ ጨካኝ ሰውም የለም። ስም ይጠራል፣ ቁጥር ይነበባል፣ ማኅተም ይመታል፣ ቀጣይ ይባላል። ክፋት የቢሮ ሥራ ሆኖ ሲሠራ ማየት ለጸሐፊ ትልቅ ትምህርት ነው። በኋላ በጻፋቸው ተውኔቶች ውስጥ ጨካኙ ነጭ ባለሥልጣን መድረክ ላይ እምብዛም አይወጣም። ማኅተሙ ብቻ ይመጣል።

በ1961 «የደም ቋጠሮ» የተባለው ተውኔቱ ጆሃንስበርግ ውስጥ መድረክ ላይ ወጣ። ከአንድ እናት የተወለዱ፣ አንዱ ነጣ ያለ አንዱ ጠቆር ያለ፣ በአንድ የቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ነጣ ያለውን ፉጋርድ ራሱ ተጫወተው፤ ጠቆር ያለውን ዘከስ ሞካዬ። ነጭና ጥቁር አንድ መድረክ ላይ እኩል ቆመው ሲተውኑ ለዚያ አገር ጉድ ነበር። ቴአትሩን ይዘው ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ግን ፉጋርድ በባቡሩ አንደኛ ማዕረግ፣ ሞካዬ በሦስተኛ ማዕረግ ነበር የሚሳፈሩት። ማታ ወንድማማች፣ ጠዋት በተለያየ ፉርጎ። በ1967 ይኸው ተውኔት በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ መንግሥት የፉጋርድን ፓስፖርት ወሰደበት። የመለሰለት በ1971 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1963 ኒው ብራይተን ከሚባለው የፖርት ኤሊዛቤት የጥቁሮች ሰፈር የመጡ ሰዎች በሩን አንኳኩ። ቴአትር መሥራት እንፈልጋለን፣ እርዳን አሉት። አስተማሪ፣ ጸሐፊ፣ የቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ቀን ሥራ ይውላሉ፣ ማታ ይለማመዳሉ። ቡድኑ ሰርፐንት ፕሌየርስ ተባለ። ስሙ የመጣው የከተማው ሙዚየም ድሮ እባብ ያኖርበት ከነበረ ቦታ ነው። ፖሊስ ልምምዱ ላይ ይመጣል፣ ስም ይመዘግባል። አባላቱ አንድ በአንድ ታሰሩ፤ አንዳንዶቹ ሮበን ደሴት ወደሚባለው የፖለቲካ እስረኞች እስር ቤት ተላኩ።

ከእስሮቹ በአንዱ አንዲት የቡድኑ አባል የባሏን ክስ ለመስማት ክራዶክ ወደምትባል ከተማ ሄደች። እዚያ ፍርድ ቤት አንድ የሰፈሯን ሰው አየች። ሰውየው ተፈርዶበታል። የለበሰውን ካፖርት አውልቆ ሰጣት፤ ለሚስቴ አድርሺልኝ፣ ትጠቀምበት አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ የእንባ ትዕይንት ይሠራ ነበር። ፉጋርድና ቡድኑ ያደረጉት ሌላ ነው። ካፖርቱን ይዘው ጥያቄ ይጠይቁ ጀመር። ሚስትየው ካፖርቱን ስትቀበል ምን ታደርጋለች? የት ትሰቅለዋለች? የቤት ኪራይ ሲደርስባት ትሸጠዋለች? ልጇ ብርድ ሲመታው ታለብሰዋለች ወይስ ለባሏ ታስቀምጠዋለች? ተዋንያኑ እያንዳንዱን መልስ ተነስተው ይሞክሩታል። የሚያውቁት ኑሮ ስለሆነ ውሸት ሲመጣ ወዲያው ያስታውቃል። በ1966 «ካፖርቱ» ብለው ለተመልካች ያቀረቡት ይህንኑ ፍለጋ ነው። አንድ ጨርቅ ብቻ፤ በጨርቁ ውስጥ ግን ኪራዩም፣ ፖሊሱም፣ ትዳሩም፣ የስንት ዓመት ፍርዱም አለ።

ከዚህ ቡድን ሁለት ሰዎች ጎልተው ወጡ፤ ጆን ካኒ እና ዊንስተን ንትሾና። ካኒ በፎርድ መኪና ፋብሪካ ሠርቷል። በ1972 ሦስቱ ተቀምጠው «ሲዝዌ ባንዚ ሞቷል» የተባለውን ሠሩ። መነሻው አንድ ፎቶ ነው። ፉጋርድ በአንድ ፎቶ ቤት መስኮት ያየው ምስል ነው፤ ሰውየው በአንድ እጁ ሲጋራ፣ በሌላው እጁ ፒፓ ይዞ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። እንዲህ የሚያስቀው ምንድነው ብለው ጠየቁ። የደረሱበት መልስ የሚያስቅም የሚያሳምምም ነው፤ በዚህ አገር እንዲህ የሚስቅ ጥቁር ደብተሩ የተስተካከለለት ሰው ብቻ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሲዝዌ ከገጠር ሥራ ፍለጋ ወደ ፖርት ኤሊዛቤት ይመጣል። ደብተሩ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ ከተማውን ለቅቀህ ውጣ የሚል ማኅተም ይመቱበታል። ቡንቱ የሚባል ሰው ያስጠጋዋል። አንድ ማታ ከመጠጥ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ የሞተ ሰው ያገኛሉ። የሟቹ ደብተር የመሥሪያ ፈቃድ አለው። ቡንቱ ፎቶዎቹን እንቀያይር ይላል። ከነገ ጀምሮ ስምህ ሮበርት ነው፣ ሲዝዌ ሞቷል።

እዚህ ላይ ተመልከቺ። ጸሐፊው ሕጉ ኢፍትሐዊ ነው ብሎ አንድ ቃል አላስተነፈሰም። ክርክሩ በሁለት ጓደኛሞች መካከል ነው። ሲዝዌ ስሜን እንዴት እጥላለሁ ይላል፤ ሚስት አለኝ፣ አራት ልጆች አሉኝ፣ የማን ልጆች ሊባሉ ነው? ቡንቱ ደግሞ በስም አይበላም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቡንቱ አዲሱን የመታወቂያ ቁጥር እንዲሸመድድ ሲያስጠናው፣ እንደ ልጅ ቁጥር እያስደገመው፣ አዳራሹ ይስቃል። በሳቁ መሀል አንድ አዋቂ ሰው ራሱን ሲያጠፋ እያየን መሆኑ ትዝ ይለናል።

ተውኔቱ ኒው ብራይተን ውስጥ ሲታይ የሆነውን ፉጋርድ ጽፎታል። ስሙን ይቀይር አይቀይር የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ተመልካቹ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። አንዱ ተው ወንድሜ ትያዛለህ ብሎ ጮኸ፤ ሌላው አድርገው፣ እኔን እስካሁን አልያዙኝም አለ። ተዋንያኑ ቆመው ጠበቁ፤ አዳራሹ እርስ በርሱ ተከራከረ። ስብከት ይህን አያመጣም። ተመልካቹ መልሱን ቀድሞ ቢያውቀው ኖሮ ምኑን ይከራከራል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ለአዘጋጅም ይጠቅማል። ተውኔቱ የሚጀምረው በቀልድ ነው። ስታይልስ የሚባለው ፎቶ አንሺ ፎርድ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ጊዜ የኩባንያው ትልቁ ባለቤት ከአሜሪካ ሊጎበኝ የመጣ ዕለት የነበረውን ግርግር ያወራል። ጽዳቱ፣ ቀለም ቅቡ፣ ለአንድ ቀን የሚታደለው አዲስ ልብስ፣ የነጩ አለቃ ጭንቀት። ረጅም መነባንብ ነው። ክፍል ውስጥ ሳስነብበው ተማሪዎች በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እኛም ቤት እንግዳ ሲመጣ አጥር የሚቀባ መሥሪያ ቤት ስለማይጠፋ ነው። ተመልካቹ በደንብ ከሳቀ በኋላ ነው ሲዝዌ በሩን ከፍቶ የሚገባው።

ካኒና ንትሾና በዚህና በሚቀጥለው ተውኔት ለንደንና ኒውዮርክ ደረሱ፤ በ1975 የአሜሪካን ትልቁን የቴአትር ሽልማት፣ ቶኒን፣ በምርጥ ተዋናይነት በጋራ ወሰዱ። አገራቸው ግን ጥቁር ተዋናይ የሚባል ሥራ አታውቅም ነበር። በወረቀት ላይ የፉጋርድ የቤት ሠራተኞች ተብለው ነበር የሚመዘገቡት። በ1976 ደግሞ አፓርታይድ ለጥቁሮች በከለላት፣ ትራንስካይ በምትባል ግዛት ውስጥ «ሲዝዌ»ን ካሳዩ በኋላ ታሰሩ፤ የተፈቱት ከውጭ አገር ጩኸት ከተነሳ በኋላ ነው።

«ደሴቱ» በ1973 ኬፕታውን ውስጥ ታየ። ስለ ሮበን ደሴት ነው፤ ያኔ ስለ እስር ቤት መጻፍ በሕግ ስለሚያስጠይቅ በሌላ ስም ነበር የወጣው። የሚከፈተው ያለ ቃል ነው። ሁለት እስረኞች አሸዋ ይዝቃሉ። አንዱ የቆፈረውን በጋሪ ወስዶ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል፤ ያኛውም እንዲሁ። ሥራው አያልቅም። ለደቂቃዎች ይቀጥላል። ተመልካቹ ይሰለቻል፣ ይቁነጠነጣል፣ ከዚያ ይጨነቃል። ብዙ አዘጋጆች ይህን ያሳጥሩታል፤ አለማወቅ ነው። ሁለቱ ሰዎች ማታ ማታ «አንቲጎን»ን ለእስር ቤቱ ዝግጅት ይለማመዳሉ፤ የንጉሡን ትእዛዝ ጥሳ ወንድሟን ስለምትቀብር ሴት የሚተርክ የጥንት ግሪክ ተውኔት ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ ዊንስተን፣ አንቲጎንን ሁን ሲባል ሴት ሆኜ፣ ፀጉር አጥልቄ፣ ይሳቁብኝ? አልጫወትም ይላል። ቀልዱና ጭንቀቱ ሳይነጣጠሉ እስከ መጨረሻ ይሄዳሉ።

ሐሳቡ ከየትም አልተፈለሰፈም። የሰርፐንት ፕሌየርስ አባላት «አንቲጎን»ን ሲለማመዱ ከተዋንያኑ አንዱ ተይዞ ደሴቱ ተላከ፤ እዚያም ያስታወሰውን ያህል ለእስረኞች ተጫወተው። ማንዴላም እዚያው ደሴት በሌላ የእስረኞች ዝግጅት ንጉሥ ክሬዎንን ሆነው ተጫውተዋል። በ1962 እኛው ዘንድ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው የተመለሱት ማንዴላ ማለቴ ነው፤ አንባገነኑን ንጉሥ እሳቸው ሲጫወቱት ማየት ነበር!

ያቺ ሻይ ቤት የምትመጣው «ማስተር ሃሮልድና ልጆቹ» ላይ ነው። ጊዜው 1950፣ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ነው። ሃሊ የሚባል የ17 ዓመት ነጭ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ሳምና ዊሊ የእናቱ አስተናጋጆች ናቸው። ሳም ልጁን እንደ አባት አሳድጎታል፤ ልጅ ሳለ ካይት (በክር ተይዞ የሚበር የወረቀት መጫወቻ) ሠርቶ አብርሮለታል። ሲጫወቱ፣ ሲቀላለዱ፣ ስለ ዳንስ ውድድር ሲያወሩ ይቆያሉ። ከዚያ ስልክ ይደወላል፤ ሰካራሙ አባት ከሆስፒታል ሊመጣ ነው። ልጁ በአባቱ ማፈሩን መሸከም ያቅተውና ንዴቱን አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ያወጣል። ከዛሬ ጀምሮ ማስተር ብለህ ጥራኝ ይላል። በመጨረሻ የሳም ፊት ላይ ይተፋል።

ይህ እውነት ነው። ፉጋርድ ልጅ ሳለ ሳም የሚባል የእናቱን ሠራተኛ ይወድ ነበር፤ አንድ ቀን ተኳርፈው በብስክሌት ተከትሎ ሄዶ ፊቱ ላይ ተፋበት። ኀፍረቱን በ1961 በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው፤ ተውኔት ለማድረግ ግን ሃያ ዓመት ፈጀበት። በ1982 አሜሪካ ውስጥ ተከፈተ። ደቡብ አፍሪካ መጀመሪያ ከለከለችው፤ በማግሥቱ ዓመት ጆሃንስበርግ ታየ።

ይህን የምነግርሽ በምክንያት ነው። ብዙዎቻችን ማኅበራዊ ተውኔት ስንጽፍ ራሳችንን ከንጹሐን ወገን አስቀምጠን ነው። ፉጋርድ ክፉውን ሲፈልግ መስታወት ፊት ቆመ። ሳም ደግሞ የሚያሳዝን ተበዳይ ብቻ አይደለም፤ ከልጁ የበለጠ ብልህ፣ የበለጠ የተከበረ ሰው ነው። እንዲያውም ያኔ ካይቱን በአንድ የመናፈሻ ወንበር ላይ አስሮለት ለምን ጥሎት እንደሄደ የሚነግረው ከተተፋበት በኋላ ነው፤ ወንበሩ የነጮች ብቻ ስለነበር አብሮት መቀመጥ አይችልም ነበር። አፓርታይድ በአንድ የመናፈሻ ወንበር አለቀ። ከዚህ በላይ ምን ንግግር ይጨመርበታል?

ነጭ ሆኖ የጥቁሮችን መከራ መጻፉ እንዴት ታየ ላልሽው፣ ጥያቄው ያኔም ተነስቷል። የጥቁር ንቃት እንቅስቃሴ ሰዎች ስለ እኛ እኛው እንናገራለን ይሉ ነበር፤ ልክ ናቸው። ተውኔቶቹ መከራን ቢያሳዩም ትግሉን አያሳዩም የሚሉም ነበሩ። በዚህ እንኳ በከፊል ነው የምስማማው፤ የይለፍ ደብተርን መድረክ ላይ መቀየር ለእኔ ትግል ነው። በ60ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ጸሐፊዎች ተውኔታቸውን ዘር ለሚለይ ቴአትር ቤት እንዳይሰጡ ሲቀሰቅስ የነበረው ፉጋርድ፣ ኋላ ዝም ከማለት መጫወት ይሻላል ብሎ አቋሙን መቀየሩም አስወቅሶታል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከጥቁር ተዋንያን ጋር የሠራቸው ተውኔቶች ብቻውን ከጻፋቸው አብዛኞቹ ይበልጣሉ፤ የሚበልጡትም ባለቤቶቹ እዚያው ስለነበሩ ነው። «ሲዝዌ»ና «ደሴቱ» ሲታተሙ የሦስቱም ስም አለበት። ዛሬም አንዳንድ ሰው የፉጋርድ ብቻ አድርጎ ይጠቅሳቸዋል። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ብቻውን ከጻፋቸው «ማስተር ሃሮልድ» ከሁሉ የበለጠው የራሱን ነውር ስለጻፈ ነው። የሚያውቀውን ጻፈ፤ የማያውቀውን ከሚያውቁት ጋር ሠራ።

ስለ ቀሪ ዕድሜው ባጭሩ፦ ከአፓርታይድ በኋላም መጻፉን አላቆመም። «ጾትሲ» ከሚለው ብቸኛ ልብ ወለዱ የተሠራው ፊልም በ2006 ኦስካር አግኝቷል። በ2011 የሕይወት ዘመን ቶኒ ተሸለመ። በ2025 በ92 ዓመቱ አረፈ።

ወደ አንቺ ተውኔት ልመለስ። ከምታውቂያቸው ተመላሽ እህቶች ጋር ቁጭ በይ። «መከራሽን ንገሪኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ሁሉም ያለቅሳል፣ የምትይዢው ነገር የለም። ስለ ዕቃ ጠይቂ። ፓስፖርትሽ የት ነበር የሚቀመጠው? አሠሪሽ ቆልፋበት ከሆነ ቁልፉን አይተሽው ታውቂያለሽ? ስልክሽን የት ነበር ቻርጅ የምታደርጊው? መጀመሪያ የላክሽው ብር ምን ተገዛበት? ያ ዕቃ አሁን የት አለ? ከመልሶቹ አንዱ ካፖርት ይሆንልሻል። ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ስምና ሰፈር ቀይሪ፤ አብረውሽ ከሠሩ ስማቸው በጸሐፊነት ይግባ።

ደላላውንም እንደገና ጻፊው። እሱም ቤተሰብ አለው፤ ምናልባት የራሱን እህት ልኳል። ልጅቷ «አልሄድም» ስትል እናቷ «ሂጂ» የምትልበት ትዕይንት ካለሽ፣ እናቷ እውነቷን እንድትሆን አድርጊ። አዳራሹ የማንን ወገን እንደሚይዝ ግራ ይግባው። የመጨረሻውን ምክር የሚሰጡትን ሽማግሌ ካሉ በክብር ሸኚያቸው።

ለማንበብ በ«ማስተር ሃሮልድ» ጀምሪ። አንድ ቦታ፣ ሦስት ሰው፣ ያለ ዕረፍት የሚሄድ አንድ ገቢር ነው፤ ቋንቋውም አይከብድሽም። ቀጥለሽ «ሲዝዌ»ን ከጓደኛሽ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በዓይን ብቻ ሲነበብ የስታይልስ ቀልድ ይሞታል። «ደሴቱ»ን ካነበብሽ ደግሞ መክፈቻውን ተነስተሽ ሥሪው። ባዶ ክፍል፣ ሁለት ሰው፣ ዐሥር ደቂቃ፣ ያለ ቃል። ክንድሽ ሲዝል ያቆምሽበትን ሰዓት ተመልከቺና ወደ ሁለተኛው ገቢርሽ ተመለሺ፤ እኔ ብሆን በመጀመሪያ የምቆርጠው ረጅሙን ንግግር ነው።